ስክሪኑ የእነርሱ፣ ፋይሉ የእኔ

የላፕቶፕ ዋስትና ሰነድ እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። እኔ ግን እንጀራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነውና ደቃቅ ፊደል ሳይ ማለፍ አይሆንልኝም። ከሰነዱ ግርጌ አብዛኞቹ አምራቾች የሚጽፏት አንዲት አንቀጽ አለች፦ ዕቃው ከተበላሸ እንጠግናለን ወይም እንለውጣለን፤ በውስጡ ስላለው መረጃ ግን ኃላፊነት የለብንም። የአንቀጹን የመጀመሪያ ግማሽ ከብዙ ንትርክ በኋላ እነርሱ ፈጸሙ። ሁለተኛው ግማሽ በእኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

ላፕቶፑን የገዛችልኝ ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። እዚህ አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ዕቃ በዘመድ በኩል ማስመጣት የተለመደ ነው። ዕቃው ሲሳፈር ዋስትናው አብሮት እንደማይሳፈር ግን ማንም አይነግርህም። አንዳንዱ ዋስትና በየትኛውም አገር ይሠራል፤ ብዙው የሚያገለግለው ዕቃው በተገዛበት አገር ብቻ ነው። የእኔ ከብዙዎቹ ወገን ሆነ።

ሕመሙ የጀመረው በስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ላይ በታየ አንድ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ነው። ክዳኑን ወደ ኋላ ሳዘነብለው ይጠፋል፤ ቀና ሳደርገው ይመለሳል። እንዲህ የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ባለሙያ ፊት ሲቀርብ ጤነኛ ይሆናል። ስለዚህ መስመሩ ብቅ ሲል በስልኬ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመርኩ፤ ክዳኑ ሲንቀሳቀስም፣ ከሥር ያለው መለያ ቁጥርም በአንድ ቀረጻ እንዲታዩ አድርጌ። ኋላ ላይ ያዳነን ይህ ነው።

መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ ጠጋኝ ማሽኑን አገላብጦ አየና፣ «ስክሪኑ አይደለም፤ ከስክሪኑ ወደ ዋናው ሰሌዳ የሚሄደው ገመድ ነው። እከፍተዋለሁ፣ ግን ይቺን ወረቀት ከቀደድኳት ዋስትናሽ አለቀ» አለኝ፤ ብሎኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት በጣቱ እየነካ። በአሜሪካ እንኳ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ የዋስትና ሕግ አላቸው፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸውም በ2018 እ.ኤ.አ. «ወረቀቱ ከተቀደደ ዋስትናው ፈረሰ» የሚሉ ኩባንያዎችን በደብዳቤ አስጠንቅቋል። ይሁን እንጂ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚከራከር ሰው ሕግ በእጁ ስለያዘ ብቻ አይረታም። አላስከፈትኩትም።

ወደ አሜሪካ በሚመለስ ዘመድ እጅ ላክነው። እነርሱ ስክሪኑን ቀየሩ፤ ገመዱን አልነኩትም። ማሽኑ ወደ እኔ በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ያ አረንጓዴ መስመር ብቅ አለ፤ ቀጥሎም ጓደኞቹን ጠራ፤ በመጨረሻ ስክሪኑ ጨርሶ ጨለመ።

ከዚያ ወዲያ እህቴ ድጋሚ ጥገና አልቀበልም አለች። የእነርሱ መሥሪያ ቤት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲከፈት እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ እርሷ በስልክ ስትነጋገር እኔ በቴሌግራም ቪዲዮና ቀን አቀብላታለሁ። ብልኅነቷ አለመቆጣቷ ነው። አንዲት ነገር ብቻ እየደጋገመች ትናገራለች፦ ያው ብልሽት፣ በእናንተው እጅ ከተጠገነ በኋላ፣ ማስረጃው ይኸው። በመጨረሻ ጉዳዩ ወደ አንድ የበላይ ኃላፊ ተላለፈና እንዲለወጥ ተፈቀደ። የእኔ ሞዴል መመረቱ ስለቆመ ተከታዩን ሊሰጡን፣ አሮጌውን ግን ቀድመን ልንልክ።

ቀድመን ልንልክ! የሰባት ዓመት የአርትዖት ሥራ ያለው ደግሞ ስክሪኑ በጨለመ ማሽን ውስጥ ነው።

ጠጋኙ ዲስኩን ነቅለን በሌላ ኮምፒውተር እናንብበው ብሎ ነበር። ነገር ግን ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ነው፤ በሌላ ማሽን ላይ ሲሰካ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከማይክሮሶፍት አካውንቴ ላይ ይገኛል፤ ማስታወሻ ደብተሬ ላይም ገልብጬዋለሁ። ይሁንና መክፈት የማያስፈልገው መንገድ እያለ ብሎን መፍታት ምን አስቸኮለኝ? ጨለማው ስክሪኑን እንጂ ማሽኑን አልያዘውም። ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኘሁት፤ የዊንዶውስ ቁልፍንና የፒ ፊደልን አንድ ላይ ተጫንኩ፤ ዴስክቶፔ ግድግዳውን ሞልቶ ወጣ።

እናቴ ከሶፋው ሳትነሣ፣ «አንቺ ልጅ፣ ዜናዬስ?» አለች።

«ትንሽ ታገሺኝ እማዬ፣ ዕቃ እያሸጋገርኩ ነው።»

ትንሽ አልነበረም። ዜናው አለፈ፤ ድራማውም አለፈ። ትልልቅ ፋይል ቶሎ ይሄዳል፤ ጊዜ የሚበላው የደቃቃው ብዛት ነው። እናቴ በቴሌቪዥኑ ላይ የሚሄደውን አረንጓዴ አሞሌ እያየች ቡናዋን ጠጣች፤ በየመሀሉም የፋይሎቹን ስም ጮክ ብላ ታነብልኛለች። «ምዕራፍ አንድ፣ ምዕራፍ አንድ፣ ምዕራፍ አንድ... ይሄ ሰውዬ ምዕራፍ ሁለት የለውም?» የሦስት የተለያዩ ደራስያን ነበሩ። የእኛ አገር አርታኢ ሥራ የሚቀመጠው በሰነዶች ፎልደር ሳይሆን ቴሌግራም ባወረደበት ፎልደር ነው፤ እሱን የረሳ ግማሹን ትቶ ሄደ ማለት ነው። አንድ የቃለ መጠይቅ ቪዲዮ በፍላሽ ላይ አልገባም አለ፤ ፍላሹ ባዶ ነበር፣ ግን ፋት 32 በሚባለው የድሮ የፋይል አቀማመጥ ስለተሰናዳ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ ትልቁ ውጫዊ ዲስክ አዛወርኩት።

ከዚያ በፊት ግን ፎንቶቹን ሰበሰብኩ፤ የአማርኛ ጸሐፊ ሁሉ ልብ ሊለው የሚገባው ይህን ነው። የግዕዝ ፊደል፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ቅጂ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ መጻፊያዎች የፊደሎቻችንን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ በየጽሕፈት ቤቱ የተተየበ የድሮ ጽሑፍም እስከ ዛሬ በዚያው ይመጣልኛል። ኮምፒውተሩ ላቲን መስሎት ነው የሚይዘው። ፎንቱ ከሌለ ገጹ በዶላር ምልክት፣ በቅንፍና በማይነበብ ላቲን ይሞላል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ልብሱን አውልቆ ነው። የማያውቅ ሰው ግን ፋይሉ ተበላሸ ብሎ ያጠፋዋል። ደግሞም በዊንዶውስ ላይ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተጫነ ፎንት ከሌሎቹ ጋር አይቀመጥም፤ በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ተደብቆ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ሁለቱንም ቦታ ገለበጥኩ። ዎርድ በእኔ እጅ የተማራቸውን ቃላት የያዘችውን ትንሽ የመዝገበ ቃላት ፋይልም አልተውኳትም። መጠኗ ከአንድ ፎቶ ያንሳል፤ ዓመታት ፈጅታለች።

በመጨረሻ ከቅጂው ላይ የተወሰኑ ፋይሎችን በጎረቤት ኮምፒውተር ከፍቼ አነበብኩ። መገልበጥ ብቻውን አያሳምነኝም፤ ሲከፈት ማየት አለብኝ። ከዚያ በማሽኑ ውስጥ ያለውን መረጃ ሙሉ በሙሉ ደመሰስኩት። የደራስያን ያልታተመ ሥራ ይዞ ወደማላውቀው ሰው ጠረጴዛ እንዲሄድ አልፈለግሁም።

መንገደኛ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ላፕቶፕ ባትሪው ሊቲየም ስለሆነ በእጅ ሻንጣ መያዝ ይመረጣል፤ የሰው ዕቃ በእጁ ይዞ የሚበር ሰው ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም። የእህቴ ጓደኛ እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ወሰዱልኝ፤ ሲመለሱም አዲሱን ከጉያቸው ሳይለዩ አመጡት።

አዲሱ ማሽን ደኅና ነው። ፎንቶቹን ከምንም በፊት ጫንኩ፤ ከዚያ ሌላው ተከተለ። ዋስትናው ግን አዲስ አይደለም፤ የአሮጌውን ቀሪ ወራት ነው የወረሰው፤ ስለዚህ ክዳኑን በየቀኑ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያዘነበልኩ ቀኝ ጠርዙን አያለሁ። በጎን ደግሞ የድሮ ፎንት የያዙትን ጽሑፎች ወደ ዩኒኮድ እየለወጥኩ ነው። መለወጫው አንዳንድ ፊደል ይስታል፤ በተለይ ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቡን፤ ገጽ በገጽ ማየት ግድ ይላል። ሰሞኑን ከሦስቱ ምዕራፍ አንዶች የመጀመሪያው ላይ ደርሻለሁ።