«ደርሷል» የምትለዋ ወረቀት

ቢሯችንን ከፋክስ ወደ ኢሜይል የማዞሩ ሥራ ለእኔ ሲሰጠኝ ቀላል መስሎኝ ነበር። ለሁሉም አድራሻ ከፈትኩ፣ ግማሽ ቀን አሠለጠንኩ። በሳምንቱ ብመለስ ፋክሱ ጋ እንደ ድሮው ወረፋ ነው።

የመዝገብ ቤቱ ጋሼ አጠገብ ቆሜ አየሁ። ወረቀቱን አስገቡ፣ ቁጥሩን መቱ፣ ማሽኑ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። ማሽኑ ትንሿን ማረጋገጫ እስኪያወጣ ጠበቁ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የገጽ ብዛት፣ መጨረሻ ላይ «ኦኬ»። ከደብዳቤው ቅጂ ጋር በስቴፕለር አያያዟት።

«ልጄ፣ ኢሜይሉ ይቺን ይሰጠኛል?» አሉኝ።

አይሰጥም። ኢሜይል ላይ «ተልኳል» ማለት ከእኛ ወጥቷል ማለት ብቻ ነው። አይፈለጌ መልእክት ውስጥ ገብቶ ሊቀር ይችላል። የፋክሱ «ኦኬ»ም ቢሆን ገጹ ማዶ ላለው ማሽን ደረሰ ይላል እንጂ ሰው አነበበው አይልም። ያም ሆኖ ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። እኔ በሥልጠናው ስለ ፍጥነት ሳወራ የዋልኩት ሰዎቹ ስለ ማስረጃ እየተጨነቁ ነው።

ስለዚህ ከኮምፒውተሩ መጀመሬን ተውኩ። የፎቶ ኮፒ ማሽናችን ስካን አድርጎ በቀጥታ በኢሜይል ይልካል። የደንበኞችን አድራሻ ልክ እንደ ፋክስ ቁጥር በስማቸው መዘገብኩበት። ወረቀት ማስገባት፣ ስም መምረጥ፣ አረንጓዴውን መጫን፤ በቃ። በእያንዳንዱ መልእክት ግርጌ «እባክዎ ሲደርስዎ ‹ደርሶኛል› ብለው ይመልሱልን» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። መልሱ ሲመጣ ጋሼ አትመው ከቅጂው ጋር ያያይዙታል። ወረቀት አባከንክ ያሉኝ ነበሩ። እኔ ግን አልከለከልኳቸውም።

አንድ ነገር አበላሽቻለሁ። ስካኑን በባለ ቀለምና በከፍተኛ ጥራት ስላደረግኩት ፋይሉ ገዘፈና ተመለሰ። ብዙ የኢሜይል አገልግሎቶች ከ25 ሜጋባይት በላይ አይቀበሉም፤ አባሪ ደግሞ ሲላክ መጠኑ በሲሶ ያህል ይጨምራል። አሁን ጥቁርና ነጭ፣ በኢንች 300 ነጥብ፣ ፒዲኤፍ ነው የምንልከው። ተራ ፋክስ ከላይ ወደ ታች በኢንች 98 መስመር ገደማ ብቻ ስለሚያነብ፣ ማኅተም ያረፈበት 3 ቁጥር 8 መስሎ ይደርስ ነበር። ጋሼን ከሁሉም በላይ ያሳመናቸው ግን ከፋይል ያወጡት የድሮ ፋክስ ነው። በሙቀት የሚታተመው ወረቀት ደብዝዞ ባዶ ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ሲያወሩ ሰማኋቸው፦ «ጠዋት ነው የላክሁልዎ፤ ‹ደርሶኛል› የምትለዋን እየጠበቅኩ ነው።»