ሁለት አገር የተበተነውን ጡረታዬን ከብሬግዚት በኋላ እንዴት ለቃቀምኩት

ከጣሊያን ተነስተን እንግሊዝ የገባን ሐበሾች ብዙ ነን። ፓስፖርቱን ሮም ወይ ቦሎኛ አግኝተን፣ የልጆች ትምህርትና የተሻለ ሥራ ፍለጋ ጠቅልለን መጣን። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ታዲያ ሁላችንንም አንድ ነገር ጨነቀን። ጣሊያን የከፈልነው መዋጮ ምን ሊውጠው ነው? አንዱ "እሱማ ቀለጠ" ይላል። ሌላው "ሁለቱን ደምረው ሙሉ ጡረታ ይሰጡሻል" ይላል። ሁለቱም ልክ አልነበሩም።

እኔ ጣሊያን ዘጠኝ ዓመት ያህል አዛውንት ስንከባከብ ኖሬያለሁ። ከ2010 ወዲህ ደግሞ ለንደን ውስጥ የካውንስል፣ ማለትም የአካባቢ አስተዳደር፣ ሠራተኛ ነኝ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ወረቀቴን እንዴት መልክ እንዳስያዝኩት ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ልጻፈው።

መጀመሪያ ግን ስለ ፖለቲካው። ጁን 23 ቀን 2016 ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ 51.9 በመቶው "እንውጣ" አለ። እኔ ድምፅ አልሰጠሁም፤ አይፈቀድልኝም ነበር። የጣሊያን ዜጋ ነኛ! አብራኝ የምትሠራው ጋናዊት ግን እንግሊዝ ዜግነት ሳትሰጣት መረጠች፣ አገሯ የኮመንዌልዝ አባል ስለሆነች። ነገሩ እስካሁን ይገርመኛል። ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካው ሰው ዳር ቆሞ አየ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ደግሞ "እንውጣ" ብሎ ነው የመረጠው። ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በአልጋ የሚያመላልስ፣ ከቆየ የእንግሊዝ ዜጋ ነው። ምክንያቱን ሲናገር አያፍርም፤ "እታለም፣ ለፖላንዱና ለሩማኒያው በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ለእኛ ሰው ቪዛ የሚከለከለው ለምንድን ነው? ለሁሉም እኩል ይሁን" ነበር የሚለው። "ጋሼ፣ እኔም እኮ በዚያው በር ነው የገባሁት" ስለው ይስቃል። በእሑድ ምሳ ላይ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል። እውነቱን ለመናገር ከፊሉ ደርሶለታል። በፌብሩዋሪ 2022 የተንከባካቢዎች ቪዛ ሲከፈት ከናይጄሪያ፣ ከዚምባብዌና ከሕንድ ብዙ ሰው ገባ። ግን በማርች 2024 ቤተሰብ ማምጣት ተከለከለ፣ በጁላይ 2025 ደግሞ ከውጭ አዲስ መቅጠሩ ራሱ ቆመ። በሩ ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ።

ክርክሩስ ግድ የለም። ያናደደኝ ከዚያ የተከተለው ነው። በምርጫው ሰሞን ጋሼ ከሆስፒታሉ የጡረታ መዋጮ ወጣ። "ይቺ አገር ልትከስር ነው፣ ብሬን በእጄ ላድርገው" አለ። ራሱ "እንውጣ" ብሎ መርጦ ራሱ ፈራ! እኔንም ውጪ ብሎ ወተወተኝ። እኔ ደግሞ ከመወሰኔ በፊት ሒሳቡን ቁጭ ብዬ ሠራሁት።

የካውንስል ጡረታ ከ2014 ወዲህ በየዓመቱ ከደሞዝህ 1/49ኛውን እየያዘልህ ይሄዳል። በዓመት 24,500 ፓውንድ የሚያገኝ ሰው እንውሰድ። በአንድ ዓመት ሥራ ብቻ 500 ፓውንድ ያፈራል። 500 ፓውንድ አንዴ የሚሰጥ ጉርሻ አይደለም፤ ጡረታ ከወጣህ በኋላ በየዓመቱ እስከ ዕለተ ሞትህ የሚከፈልህ ነው። በየኤፕሪሉም ከኑሮ ውድነቱ ጋር ከፍ ይላል። በዚህ ደሞዝ መዋጮው 5.8 በመቶ ነው፣ በዓመት 1,421 ፓውንድ። እሱም ታክስ ሳይነካው ስለሚቆረጥ ከኪስ የሚወጣው ያንሳል። ሦስት ዓመት ጡረታ ከበላህ የዚያን ዓመት መዋጮ መለስክ ማለት ነው። ከዚህ የሚወጣ ሰው ለአሠሪው ገንዘብ እየመረቀ ነው። ወር አልደርስ ላለው ሰው ደግሞ ግማሹን ከፍሎ ግማሹን የሚያፈራበት ምርጫ አለ። ሰው መውጣትን ብቻ ያውቃል፣ ይህን የሚነግረው የለም።

የጋሼ ፍርሃት ጭራሽ መሠረት የለውም አልልም። የሆስፒታል፣ የመምህራንና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ የተቀመጠ ገንዘብ የለውም። እንደ ዕድር ነው፤ ዛሬ የሚሠራው ለዛሬው ጡረተኛ ይከፍላል፣ ሲጎድል መንግሥት ይሞላል። የካውንስሉ ግን የምር ፈንድ አለው፣ በአክሲዮንና በቦንድ የተቀመጠ። በሴፕቴምበር 2022 የሊዝ ትረስ መንግሥት በጀት ገበያውን ሲያናውጥና የእንግሊዝ ባንክ የጡረታ ፈንዶችን ለማዳን ቦንድ ለመግዛት ሲሯሯጥ፣ ሥራ ቦታችን ሁሉ "ጡረታችን ሄደ" ብሎ ተንጫጫ። አልሄደም። የእኛ ክፍያ በሕግ የተጻፈ ነው፣ ፈንዱ ቢጎድል መሙላት ያለበት አሠሪው ነው።

ጎረቤቴ የግል ድርጅት ሾፌር ነው። "የእናንተን ጡረታ የምከፍለው እኔ ነኝ፣ በካውንስል ታክሴ" ይለኛል። ነጥብ አለው። የእሱ አሠሪ በሕግ የሚገደደው 3 በመቶ እንዲያዋጣ ብቻ ነው፤ የእኔ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ይህን ጉዳይ ይዘው የሚጮኹ ፖለቲከኞችም አሉ። ለእሱም ይጨመርለት ነው እንጂ የእኔ ይቀነስ በሚለው ግን አልስማማም።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ።

ከሁሉ በፊት የመኖሪያ ፈቃዴን ጨረስኩ። በ2019 ለአውሮፓ ዜጎች የተከፈተውን ማመልከቻ ሞልቼ ቋሚውን አገኘሁ። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በፊት እዚህ የገባ ሰው በመውጫው ስምምነት መብቱ የተጠበቀ ነው፤ የማኅበራዊ ዋስትናውም ጭምር። "ቀለጠ" የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል።

ቀጥሎ የእንግሊዝ ናሽናል ኢንሹራንስ (ከደሞዝ የሚቆረጠው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) መዝገቤን በመንግሥት ድረ ገጽ ከፈትኩ። ዓመት በዓመት "ሙሉ" ወይም "ያልሞላ" ይላል። የስቴት ፔንሽን፣ ማለትም መንግሥት ለሁሉም የሚከፍለውን ጡረታ፣ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት፣ ሙሉውን ለማግኘት 35 ዓመት ያስፈልጋል። በ2025/26 ሙሉው በሳምንት 230.25 ፓውንድ ነበር። በዚያ ሒሳብ 15 ዓመት ያለው ሰው ወደ 98 ፓውንድ ከ68 ፔንስ ይደርሰዋል።

"ሁለቱ ይደመራሉ" የሚለው ወሬ ሰውን የሚያሳስተው እዚህ ጋ ነው። የሚደመረው ዘመኑ ነው፣ ገንዘቡ አይደለም። እንግሊዝ ሰባት ዓመት፣ ጣሊያን አምስት ዓመት የሠራ ሰው የ10 ዓመቱን ደፍ ያልፋል፤ እንግሊዝ የምትከፍለው ግን የራሷን ሰባት ዓመት ብቻ ነው። ጣሊያንም እንዲሁ። በ67 ዓመት ጡረታ ለመውጣት 20 ዓመት መዋጮ ትጠይቃለች። የእኔ ዘጠኝ ዓመት ብቻውን አይሞላም፤ የእንግሊዙ ሲጨመርበት ይሞላል። ከ1996 ወዲህ መክፈል የጀመርን ግን ገንዘቡም ከተወሰነ ልክ ማነስ የለበትም። ካነሰ 71 ዓመት እስኪሞላ መጠበቅ አለ፤ ያኔ ጣሊያን ውስጥ የተከፈለ አምስት ዓመት ይበቃል።

የጣሊያኑን መዝገብ ከኢንፕስ (ከጣሊያን የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት) ለማውጣት ፓትሮናቶ ወደሚባለው፣ ሰውን በጡረታ ወረቀት ወደሚያግዘው ቢሮ ሄድኩ። ለንደን ውስጥም አሉ፣ በነፃ ነው የሚያግዙት። ወረቀቱ ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን በሳምንት በሳምንት አየነው። ለቤት ሠራተኛ መዋጮ የሚከፈለው በየሦስት ወሩ ነው፤ በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ካልተመዘገበልህ ደግሞ ሳምንቶቹ ይሸረፋሉ። አንዷ አሠሪዬ ቤቷ እያደርኩ ሌት ተቀን እየሠራሁ ያስመዘገበችኝ ለጥቂት ሰዓት ኖሯል። ሦስት ወር ሙሉ ሥራ፣ መዝገቡ ላይ የቀረው ከሩቡ የማይበልጥ። እዚያ ያልተከፈለ መዋጮ ከአምስት ዓመት በኋላ በይርጋ ይታገዳል፣ የእኔም አልፎበታል። አሁንም ጣሊያን ያላችሁ እህቶቼ፣ መዝገባችሁን ዛሬ አውጡና እዩት። የክፍያ ደረሰኝና የሥራ ውል ደግሞ አትጣሉ።

ማመልከቻው ሁለት ቦታ አይገባም። የምትኖርበት አገር ላይ ታስገባለህ፣ እነሱ ከሌላው ጋር ይጻጻፋሉ። በእንግሊዝ በኩል ይህን የሚይዘው ኒውካስል ያለው የዓለም አቀፍ ጡረታ ቢሮ ነው። የካውንስሉ ጡረታ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፣ ለብቻው ይጠየቃል። ኢትዮጵያ ያስተማርኩባቸው ዓመታት የትም አይገቡም፤ ከእንግሊዝ ጋር በዚህ ጉዳይ ስምምነት የለንም።

ይኸው የስምምነት እጦት ሌላም ጣጣ አለው። እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም "ጡረታዬን ይዤ አዲስ አበባ" የሚል ሐሳብ አለኝ። የእንግሊዝ ስቴት ፔንሽን ጣሊያን ብኖር ከብሬግዚት በኋላም በየዓመቱ ይጨመርልኛል። ኢትዮጵያ ብገባ ግን መጀመሪያ በተከፈለኝ መጠን ይደርቃል፤ ሃያ ዓመት ብኖር ሃያ ዓመት ያው ነው። ካናዳና አውስትራሊያ ያሉትን ጨምሮ ከ400 ሺህ በላይ ጡረተኞች በዚህ ዓይነት ደርቆባቸዋል። ጉዳዩ ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ2010 ጡረተኞቹ ተረቱ። ፍርድ ቤቱ የአውሮፓ ኅብረት አይደለም፣ ብሬግዚትም ምንም አልነካውም። እንደዚህ ያለው ነገር በምርጫው ሰሞን በአንድም ክርክር ላይ ሲነሳ አልሰማሁም። የካውንስሌ ጡረታ ግን የትም ብኖር ይጨመርበታል። ስለዚህ አገር ቤት ለመግባት ለምታስቡ፣ የሥራ ቦታ ጡረታችሁ ከስቴቱ በላይ ቁም ነገር ነው።

ጋሼን ይህን ሁሉ አስረድቼ፣ ሒሳቡን በሱ ደሞዝ ሠርቼ አሳየሁት። የሆስፒታሉ ደግሞ ከእኛም ትንሽ ይሻላል፣ 1/54 ቢሆንም በሥራ ላይ እስካለህ በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ 1.5 በመቶ በላይ ያድጋል። አሠሪው በየሦስት ዓመቱ ግድም መልሶ ሲያስገባው እየወጣ ነበር ለካ። ዘንድሮ የመውጫ ቅጹን ሞልቶ አልመለሰም፣ ገብቷል። የወጣባቸው ዓመታት ግን አይመለሱም። ስለ ብሬግዚት ሐሳቡን አልቀየረም፤ እኔም እንዲቀይር አልጠየቅሁትም።