«ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» የተባለው መኪና

ባለመኪናው ሲመጣ ያገለገለ የሞተር ኮምፒውተር በፌስታል አንጠልጥሎ ነበር፤ ከሶማሌ ተራ ገዝቶት። «ሁለት ጋራዥ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ብሎኛል፤ ይኼን ግጠሙልኝና ልሂድ» አለ። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ የዳሽቦርዱ መብራቶች ይበራሉ፣ የአርፒኤም ቆጣሪው ዜሮ ላይ ይወድቃል፣ መሪው ይከብዳል። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ይመለሳል።

ስካነር ስንሰካ የፍሬኑ (ኤቢኤስ) ኮምፒውተርም የመሪው ኮምፒውተርም ዩ0100 የሚባል የብልሽት ኮድ መዝግበዋል። ይህ ኮድ የሚናገረው ከሞተር ኮምፒውተሩ መልእክት መቅረቱን ብቻ ነው። መልእክቱ የቀረው ላኪው ስለሞተ ይሁን መንገዱ ስለተቆረጠ ኮዱ አያውቅም።

«ወንድሜ፣ ጉድጓድ ስትመታ ሞተሩም ይጠፋል?»

«ኧረ አይጠፋም። ቆጣሪው ነው እንጂ የሚወድቀው ሞተሩ እንደሠራ ነው።»

ምርመራው ግማሽ የደረሰው እዚህ ላይ ነው። ቆጣሪው ዜሮ ባለበት ቅጽበት ኮምፒውተሩ ቤንዚን መርጨቱንም ካንዴላ ማቀጣጠሉንም አላቋረጠም። እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ተቃጠለ የሚያሰኝ ነገር የለም። ሁለቱ ጋራዦች ይህችን አንድ ጥያቄ አለመጠየቃቸው እስካሁን ያናድደኛል።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትተን ጥቂት ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገን በስካነር ሶኬቱ 6ኛና 14ኛ እግሮች መካከል ለካን፤ 60 ኦም። እነዚህ እግሮች የሚገናኙት ከካን መስመር ጋር ነው፤ የመኪናው ኮምፒውተሮች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡበት ጥንድ ሽቦ ነው። መስመሩ በሁለት ጫፎቹ 120፣ 120 ኦም መቋቋሚያ አለው። በዚህ መኪና አንዱ በሞተር ኮምፒውተሩ፣ ሌላው በዳሽቦርዱ ውስጥ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ 60 ይሰጣሉ። አንዱ ሽቦ ከተቆረጠ 120 ይነበባል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ ወደ ዜሮ ይወርዳል።

ብዙ ሰው 60 ካየ በኋላ መስመሩን ጤነኛ ብሎ ያልፈዋል። ግን መኪናው ቆሟል፤ ብልሽቱ የሚመጣው ሲንቀጠቀጥ ነው። ስለዚህ አንዱ ልጅ ኮፈን ከፍቶ የሽቦውን እስር ከኮምፒውተሩ ጀምሮ ስንዝር በስንዝር እያወዛወዘ መጣ፤ ሌላው ዓይኑን ከቴስተሩ አልነቀለም። 60፣ 60፣ 60... በግራው ፓራፋንጎ በኩል እስሩን ጫን ሲል 120። ሲለቀው 60።

ናስትሮውን ስንልጠው ከጥንዱ አንዱ፣ ካን ሎው የሚባለው ሽቦ ተቆርጦ፣ በእጅ ተጠምዝዞ፣ ስታኞ ሳይነካው ተጠቅልሏል። ክረምቱን ውኃ ሲገባበት ከርሞ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ባለቤቱ ሲያየው አስታወሰ፤ አምና በግራ በኩል ተገጭቶ ባትላሜራ ገብቶ ነበር። የመብራት ሽቦ እንዲህ ቢቀጠል መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ነበር፤ ቶሎም ይታወቅ ነበር። በሴኮንድ 500 ሺህ ቢት የሚያሳልፍ መስመር ግን ለቅጽበት ሲላቀቅ ጥፋቱን የሚያሳየው ሌላ ቦታ ላይ ነው።

አረንጓዴውን ክፍል እስከ ንጹሕ መዳብ ቆርጠን፣ በዚያው ውፍረት ሽቦ ቀጥለን በስታኞ በየድነው፤ በሙቀት የሚጨማደድ ማልበሻም አለበስነው። ከዚያ ከጥንዱ ሌላው ሽቦ፣ ከካን ሃይ ጋር እንደነበረው መልሰን ጎነጎንነው። ሁለቱ ሽቦዎች የተጎነጎኑት ከውጭ የሚመጣ ረብሻ በሁለቱም ላይ እኩል እንዲያርፍ ነው። ተቀባዩ የሚያነበው ልዩነታቸውን ስለሆነ ረብሻው ይጠፋል። ጉንጉኑን ረጅም ፈትቶ መተው አዲስ ብልሽት መጋበዝ ነው።

እስሩን እያወዛወዝን ደግመን ስንለካ ከ60 አልተነቃነቀም። ባትሪውን መልሰን፣ ቁልፍ አብርተን በ6ኛው እግር 2.6፣ በ14ኛው 2.3 ቮልት አገኘን፤ ድምራቸው ወደ 5 መቅረብ አለበት። ኮዶቹን አጥፍተን ኮብልስቶን ላይ ነዳነው፤ አንድም መብራት አልበራም።

ፌስታሉ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ቢገጠምም መኪናውን ላያስነሳ ይችል ነበር፤ የቁልፉን ኮድ አያውቀውም። ባለቤቱ ሊመልሰው ሄደ። ሻጩ «የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» ብሎት በፌስታሉ ይዞት ተመለሰ።