ድራጎን የሚለውን ስም የሚጋሩ ካራክተሮች፣ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ቤተሰብ፣ በአንድ ስም የሚጠሩ የኮሚክ ካራክተሮችን እየለየሁ ማንበብ እንደጀመርኩ ነግሬያችሁ ነበር፣ አሁን ድራጎኖቹ ጋ ደርሻለሁ። የኮሚክ አሳታሚዎቹ ማርቭልም ዲሲም ኢሜጅም የየራሳቸው ድራጎን አላቸው፣ ሁሉንም ልጨርስ ብል መጨረሻ የለውም፣ ስለዚ ስሙ ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈባቸውን ብቻ መርጬ ነው የያዝኩት። እኔን የሚይዘኝ እሱ ነው፣ ሁለተኛው ሰው ስሙን እንዴት አገኘው የሚለው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በሳቬጅ ድራጎን ነው የጀመርኩት፣ የምትጀምሩ ካላችሁም በሱ ጀምሩ። ኤሪክ ላርሰን ይሄን ካራክተር የፈጠረው ገና ልጅ እያለ ነው፣ በ1982 ግራፊክ ፋንታሲ በሚባል ከጓደኞቹ ጋር በራሳቸው ባሳተሙት መጽሔት ላይ አወጣው፣ ከዛ በ1992 ኢሜጅን ከመሰረቱት 7 አርቲስቶች አንዱ ሲሆን ይዞት መጣ፣ ይኸው እስካሁን ራሱ እየጻፈ ራሱ እየሳለ ነው። መጀመሪያ ባለ 3 ክፍል አጭር ሲሪስ ነበር፣ በ1993 ቋሚ ሆነ። ታሪኩ ቺካጎ ውስጥ በሚቃጠል ሜዳ ላይ ይጀምራል፣ አረንጓዴ ቆዳ ያለው ግዙፍ ሰውዬ አናቱ ላይ እንደ ዓሣ ያለ ክንፍ ቆሞ እሳት መሃል ተኝቶ ይገኛል፣ ማን እንደሆነ ከየት እንደመጣ ምንም አያስታውስም፣ በኋላ ፖሊስ ይሆናል።

የዚ ሲሪስ ልዩ ነገሩ ዕድሜ ነው። ሌሎቹ ትልልቅ ጀግኖች ስንት አስርት ዓመት ቢታተሙም እዛው ወጣትነታቸው ላይ ናቸው፣ እዚ ግን እኛ ጋ አንድ ዓመት ሲያልፍ እነሱም ጋ አንድ ዓመት ያልፋል፣ ሰው ይወልዳል፣ ልጁ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ያድጋል፣ ያገባል። ማልኮም የሚባለው ልጁ ሲወለድ ያነበበ ሰው አድጎ ዋና ካራክተር ሲሆንም ያያል ማለት ነው። እናቱ ራፕቸር ናት፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ነበራት፣ ልጁ ከአባቱ አረንጓዴ ቆዳውንና ጉልበቱን ከእናቱ ደግሞ መብረቁን ወስዷል። ከ190ዎቹ ቁጥሮች (እትሞች) ጀምሮ ሲሪሱን ማልኮም ነው የሚመራው፣ አባትየው ደግሞ በ2017 ቁጥር 225 ላይ ሞተ፣ በጣም ነው የከበደኝ፣ ምክንያቱም በሌላ ኮሚክ አንድ ጀግና ሲሞት ከስድስት ወር በኋላ እንደሚመለስ ታውቃለህ፣ እዚ ግን ልጁ ቦታውን ከያዘ ቆይቷል፣ አባትየውም አርጅቷል፣ ላርሰን ለዓመታት ነው ያዘጋጀህ።

ሌላም አለ። አባትየው ትዝታውን ከማጣቱ በፊት ኩር የሚባል በጠፈር መርከብ የሚዞር የባዕድ ሕዝብ ንጉሥ ነበር፣ የምድርን ሰው ጨርሶ ሕዝቡን እዚ ሊያሰፍር የፈለገ ጨካኝ፣ ትዝታውን አጥፍተው ወደ ምድር የላኩት የገዛ ወገኖቹ ናቸው። በኋላ የኩር ማንነት ሲመለስ በዛው ሰውነት ውስጥ ሌላ ሰው ይነሳል፣ ፊቱ ያው ድራጎን ነው፣ ሚስትና ልጅ የሚያውቁት ድራጎን ግን አይደለም። ስለዚ ደብተሬን የምይዝበትን መንገድ ቀየርኩት፣ ድሮ ለአንድ ስም አንድ ገጽ ነበር የምከፍተው፣ አሁን ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ገጽ አለው፣ ኩር የራሱ፣ ኦፊሰር ድራጎን የራሱ፣ ማልኮም የራሱ። ከስሙ ስር የመጀመሪያ ቁጥሩን፣ ስሙን ከማን እንዳገኘና ስሙን እንዴት እንዳጣ እጽፋለሁ። ሦስት መስመር ናት ግን ከዛ በኋላ የትኛውም ገጽ ላይ ብትከፍት አትጠፋም።

ስዕሉንም ጎን ለጎን እየተለማመድኩ ነው። የክንፉ ነገር ብዙ ሰው ላይ ስለሚያስቸግር እኔ የሰራልኝን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ጭንቅላቱን ራሰ በራ አድርጋችሁ ጨርሱት፣ ከግንባር ተነስታ በአናቱ መሃል ወደ ማጅራት የምትሄድ አንድ መስመር በስሱ አስምሩ፣ ክንፉ የሚቆመው እዛች መስመር ላይ ብቻ ነው። ከጎን ስታዩት ሰፊ ነው፣ ፊት ለፊት ግን ጠርዙ ብቻ ስለሚታይ ቀጭን ይሆናል፣ ሦስት ሩብ ዞሮ ሲቆም ደግሞ መስመሯ ስለምትጎብጥ ክንፉም አብሯት ይጎብጣል። ማልኮምን ስስል ትከሻውን ጠበብ አድርጌ አንገቱን ቀጠን ሳደርገው ከአባቱ ይለይልኛል።

አሁን ዲሲ ጋ እንሂድ፣ ሪቻርድ ድራጎን። ይሄ ስም በጉልበት የተወሰደ ነው። የመጀመሪያውን ዴኒስ ኦኒልና ጂም ቤሪ በ1974 በልቦለድ መጽሐፍ ነው ያወጡት፣ በ1975 ዲሲ ኮሚክ አደረገው፣ ብሩስ ሊ ከሞተ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም፣ ኩንግ ፉ ዓለምን የያዘበት ሰዓት ነው። ሪቻርድ በወጣትነቱ ሌባ ነበር፣ ጃፓን ውስጥ የማሰልጠኛ ቤት ሰብሮ ጄድ ከሚባል አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ የተሰራ የቡድሃ ሐውልት ሊሰርቅ ሲል ቤን ተርነር የሚባል ሰልጣኝ ያዘው፣ ኦ ሴንሴ የሚባለው መምህር ደግሞ አባርረው ከማለት ይልቅ ሁለቱንም አብሮ አሰለጠናቸው። ቤን ተርነር በኋላ ብሮንዝ ታይገር የሚባለው የዲሲ ተዋጊ የሆነው ነው። ሌዲ ሺቫ የምትባለው የማርሻል አርት ተዋጊም ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው እዚሁ ሲሪስ ቁጥር 5 ላይ ነው፣ 18 ቁጥር ብቻ የቆየ ሲሪስ እንዲህ ዓይነት ካራክተሮችን ትቶ መሄዱ በጣም ነው የሚገርመኝ። ከዛ በኋላ ሪቻርድ አስተማሪ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ክዌስችን የሚባለውን ጭምብል ለባሽ ጀግና ያሰለጠነው እሱ ነው፣ የቀድሞዋ ባትገርል ባርባራ ጎርደንም ዊልቸር ላይ ከሆነች በኋላ በዱላ መዋጋትን ያስተማራት እሱ ነው።

ሁለተኛው በ2014 ጄፍ ሌሚር ሲጽፈው በነበረው ግሪን አሮው (ስለ ቀስተኛው ጀግና የሚያወራ ኮሚክ) ላይ ይመጣል፣ ሪካርዶ ዲያዝ ይባላል፣ ከመጀመሪያው ድራጎን ስር ተምሮ ሲያበቃ መምህሩን ገድሎ ስሙን ወሰደው። አሮው የሚለውን የቲቪ ሲሪስ ያያችሁ ይሄን ዲያዝ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር በጣም አጥብቄ እመክራለሁ፣ ዲያዝን ከማንበባችሁ በፊት የባርባራና የክዌስችን ታሪኮች ላይ ያለውን ሪቻርድ አንብቡ። ሰውዬው ለተማሪዎቹ ምን እንደነበር ካላወቃችሁ ግድያው እንዲሁ አንድ ቪሌን (ክፉ ካራክተር) የሰራው ሥራ ሆኖ ያልፋችኋል፣ ካወቃችሁ ግን ደማችሁ ይፈላል፣ እኔ ገጹን ዘግቼ ነው የተነሳሁት።

ማርቭል ጋ እስካሁን የያዝኩት ሙንድራጎንን ነው፣ ሄዘር ዳግላስን። በ1973 አይረን ማን ቁጥር 54 ላይ ማዳም ማክኢቭል በሚል ስም ነው የገባችው፣ በዛው ዓመት ዴርዴቭል ላይ ሙንድራጎን ሆነች። ታኖስ የሚባለው ቪሌን የቤተሰቧን መኪና ካጠፋ በኋላ ታይታን በምትባለው የሳተርን ጨረቃ ላይ ያደገችው ልጅ እሷ ናት፣ አባቷም ድራክስ የሚባለው የማርቭል ጀግና ነው። በቅርብ ዓመታት ከሌላ ዩኒቨርስ የመጣች ሌላ ሄዘር አለች፣ በ2020 በጀመረው አል ዩዊንግ በጻፈው ጋርዲያንስ ኦፍ ዘ ጋላክሲ ላይ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ለሷ ገጽ ስከፍት ለአንድ ሰው ይሁን ለሁለት ገና አልወሰንኩም፣ ለጊዜው ሁለት ገጽ ከፍቼ መሃላቸው ላይ ቀስት አድርጌያለሁ።

ቀጥሎ ማልኮም ከቤተሰቡ ጋር ካናዳ ከገባ በኋላ ያሉትን ቁጥሮች እይዛለሁ። ከዛ በፊት ግን የ1975ቱን ሪቻርድ ድራጎን ከቁጥር 6 በኋላ ያለውን ማንበብ እፈልጋለሁ፣ ያለው ወይ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ካለ በናታችሁ ጠቁሙኝ፣ የማልኮምን ስዕሎችም ሳጠናቅቅ አወጣቸዋለሁ፣ ክንፉን ለሞከረ ሰው የናንተንም ማየት እፈልጋለሁ።