ቀጥ በል

ክረምቱ ጅማ ላይ ከብዷል፤ ሐሳብም አብሮ ይጨፈግጋል። ቡናው እስኪፈላ ዓይኔ በርጩማው ላይ ቀረ፤ ያው የኛው የጅማ ባለሦስት እግሩ። ወለሉ ቢጎረብጥም አይንገዳገድም።

የሰውም ሚዛን ሦስት እግር አለው፦ ዓይን፣ የውስጥ ጆሮ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ስሜት። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች የሚቸገሩት ሦስቱን ማስማማት ላይ ነው። ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ወይም ፍራሽ ላይ ሲቆሙ ከእኩዮቻቸው ይበልጥ ይወዛወዛሉ። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የእነ ተመራማሪዋ ናንሲ ሚንሹ ጥናት ሚዛን የመጠበቅ ችሎታ በእነዚህ ልጆች መሻሻል የሚጀምረው 12 ዓመት ገደማ መሆኑን አሳይቷል።

እንግዲህ የሰባት ዓመቱን ልጅ «ቀጥ በል!» ማለት ምን ይሉታል? ለአፍታ ይቃናል፣ መልሶ ይጎብጣል። ስንፍና አይደለም፤ የብዙዎቹ ጡንቻ ልል ስለሆነ ቀና ብሎ መቀመጥ ብቻውን ሥራ ነው። ዴስኩ ደግሞ ለትልቅ ልጅ የተሠራ ነው፤ እግሩ ተንጠልጥሎ ወገቡ ከየት ይጽና? ከመቆጣት ይልቅ ጉልበቱ 90 ዲግሪ እስኪታጠፍ ድረስ ከእግሩ ሥር ሳጥን ማስገባት ይሻላል። ሳጥኑ እንዳይንሸራተት ከሥሩ የጎማ ቁራጭ ይደረግ፤ የሚንሸራተት መርገጫ ከነጭራሹ ባይኖር ይመረጣል። የጠረጴዛው ከፍታ ክርኑ ጋ ይሁን።

ለሚዛን ልምምድ መጀመሪያ ወለል ላይ በጠመኔ መስመር ማስመር ነው፤ ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ ይራመድ። ሲለምደው 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ መሬት ላይ ማጋደም። በባዶ እግሩ ይሁን፣ ካልሲ ያንሸራትታል። እጁን ወደ ላይ ጎትቶ መያዝ የተለመደ ነው፤ ያኔ ሚዛኑን የሚጠብቀው ያዡ ነው እንጂ ልጁ አይደለም። ዳሌውን ለቀቅ አድርጎ መያዝ ይበቃል። ዥዋዥዌ ከሆነ ቀስ ብሎ፣ ፊትና ኋላ ብቻ፤ ፊቱ ከገረጣ ወይም ካላበው ወዲያው ማቆም። በጣቱ የሚሄድ ልጅ ከሆነ ደግሞ ጉልበቱን ዘርግቶ የእግሩን መዳፍ ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ ማጠፍ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ እንቢ ካለ የባቱ ጡንቻ አጥሯልና ፊዚዮቴራፒስት ይየው።

ይህን ሁሉ አውቀን ትንሹ ልጅ ግን ያስቸግረናል። ግድግዳ ተደግፎ፣ ተጣጥፎ ሲቀመጥ ፊደሉን አንድ ሳይስት ይቆጥራል። ሲቃና ሰውነቱን ለማቆም ይታገልና ጆሮ አይሰጥም። በትምህርት ሰዓት ታዲያ የትኛውን እንፈልግ፣ ጀርባውን ወይስ ልቡን?