በርጩማዬ ቅርስ ሆና ዋለች

ሰላም ወገኖች፣ ይሄን እኔ ካልጻፍኩት ጓደኞቼ ጨማምረውበት ሊያወሩት ስለሆነ ቀድሜ ልገላገል።

ሰፈራችን ውስጥ አዲስ አበባ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ የመጣ አንድ ልጅ አለ፣ እሱና እንጨት ጠራቢ ጓደኛው ሆነው ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ሰው በነጻ ማስተማር ጀመሩ። ስዕል አለ፣ ሸክላ አለ፣ እንጨት አለ። ሴቱ ሁሉ ወደ ስዕልና ሸክላ ሲሮጥ እኔ እንጨት ገባሁ፣ ለምን ካላችሁኝ ሳምንቱን ሙሉ ባንክ መስኮት ላይ "ምን ልታዘዝ" እያለች ስትስቅ የምትውል ሴት ቅዳሜ ቅዳሜ በመጥረቢያ የምትመታው ነገር ያስፈልጋታል። እማዬ የመጀመሪያ ቀን ጉማጄን ተሸክሜ ስገባ አይታ ለጎረቤት "ባል ይዛ ትመጣለች ስል ግንድ ይዛ መጣች" ብላ አወጀች።

መጀመሪያ ግን መጥረቢያ አላስነኩንም፣ "አይታችሁ ኑ" ብለው ሰብስበው ጅማ ሙዚየም ወሰዱን። እዚሁ ተወልጄ አድጌ ሙዚየሙን ያየሁት ተማሪ ቤት እያለሁ ለጉብኝት ተሰልፈን ሄደን ነው፣ ከዛ በኋላ በበሩ ማለፍ ብቻ (አትሳቁ፣ እናንተም ያው ናችሁ፣ ከአዲስ አበባ እንግዳ ካልመጣ ማነው የአባ ጅፋር ቤተ መንግስት ያለበት ጅሬን የሚወጣው?)። የዳግማዊ አባ ጅፋር የግል ዕቃዎች፣ የቤት ቁሳቁስ፣ የአካባቢው የእጅ ስራ አለበት። እንደምታውቁት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት እሳቸው ናቸው፣ ከምኒልክ ጋር ጦር ሳይማዘዙ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው የቆዩ ብልህ ሰው፣ ቁመታቸውም ከ2 ሜትር በላይ ነበር ይባላል። አብሮን የሚማረው ባለሱቅ (አጭር ነው፣ እሱም ያውቀዋል) ይሄን ከሰማ በኋላ ዕቃዎቹን ትቶ በየበሩ ስር እየቆመ ራሱን ሲለካ ዋለ።

ከዛ ጅሬን ወጣን። ባጃጃችን ዳገቱ መሃል ላይ አቃስታ ቀጥ አለች፣ ወርደን እየገፋን ነው ቤተ መንግስቱ ጋ የደረስነው፣ ንጉሥ ሊያይ የሄደ ሰው እንዲህ ላብ በላብ ሆኖ መግባቱ ራሱ ነውር ነው። ግን ደረጃውንና ሰገነቱን፣ ያን ሁሉ እንጨት ቆማችሁ ስታዩት ድካሙ ይለቃችኋል። አስተማሪያችን ምሰሶውን እያሳየ ስለ ጅማ በርጩማ ማውራት ጀመረ፣ እሱ ስለ በርጩማ ሲያወራ ደግሞ ማቆሚያ የለውም። ዋናው ነገር ምን መሰላችሁ፣ መቀመጫውም እግሩም ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፣ ሚስማር የለ፣ ኮላ የለ፣ የተገጠመ ነገር የለ፣ ማለትም በርጩማው ድሮም ግንዱ ውስጥ አለ፣ ያንተ ስራ ትርፉን እንጨት ማንሳት ነው። እግሩ ሶስት የሆነው ደግሞ ለጌጥ አይደለም፣ የጭቃ ቤት ወለል ወጣ ገባ ስለሆነ አራት እግር ያለው ወንበር ሁሌ አንዱ እግሩ አየር ላይ ይቀራል፣ ሶስት እግር ግን የትም ብታስቀምጠው ሶስቱም መሬት ይነካሉ፣ አይንቀጠቀጥም። ይሄን እንደ ጸሎት አስደገመን።

እንግዲህ የኔዋ በርጩማ አትንቀጠቀጥም፣ ሳይንሱ ሰርቷል። ዝም ብላ ታዘነብላለች። ተቀምጠህ ቀስ እያልክ ወደ ቀኝ ስትሄድ ራስህን ታገኘዋለህ። ሌላው ችግር ስንጥቁ ነው። የዋንዛው ጉማጅ እርጥብ ነበር፣ እርጥብ እንጨት ደግሞ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ካልደረቀ ውጪው ቀድሞ ይኮማተርና ውስጡ እምቢ ሲለው ይሰነጠቃል፣ አስተማሪው "ፀሐይ እንዳያያት" ብሎ ስንት ጊዜ ተናግሯል፣ እኔም አልጋ ስር ነበር የማስቀምጣት። እማዬ ስራ በዋልኩበት አውጥታ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣችልኝ! "ቶሎ ይድረቅልሽ ብዬ እኮ ነው" ትላለች፣ ከበርበሬው ጎን። ማታ ስገባ ከዳር እስከ መሃል ተተርትራለች። ኮላ በሰጋቱራ ለውሼ ጠቀጠቅኩበት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ ግን ቦታው ነጥቶ ስለቀረ ሙሉውን በጥቁር የጫማ ቀለም ወለወልኩትና አረፍኩ። ከሩቅ ሲያዩዋት እንዴት እንዳማረባት!

ወደ ስዕል ክፍሉም ጎራ ልበልና፣ እዛ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። መምህሩ አንድ ቀን ስለ ሰዓሊ ለማ ጉያ፣ ቢሾፍቱ ስላለው ጋለሪያቸውና የፍየል ቆዳ ላይ ይስሉበት ስለነበረው ጥበብ ነገራቸው። አንዱ ልጅ በዚህ ልቡ ተነክቶ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሉካንዳ ቆዳ ይዞ ከች አለ፣ ያልለፋ፣ ያልደረቀ፣ ጸጉሩ ያለ ቆዳ! ዝንቡ ከሱ ጋር ተመዝግቦ መማር ጀመረ። ቢለመን፣ ቢመከር "አርት መስዋዕትነት ይጠይቃል" ብሎ አሻፈረኝ አለ፣ እኛ እንጨቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆንን በአፍንጫችን መስዋዕት ሆንን።

አሁን ወደ ጉዳዬ። መጨረሻ ላይ ኤግዚቢሽን ይደረግ ተባለና አዳራሽ ተለመነ፣ የተማሪ ስራ በአንድ ወገን ተደረደረ፣ በሌላ ወገን ደግሞ ከሰፈሩ ሰው በውሰት የመጡ የድሮ ዕቃዎች። ከነሱ ውስጥ ንግስቲቱ አንድ የሰፈራችን አባት ከአያታቸው የወረሷት በርጩማ ናት። በጋቢ ተጠቅልላ ነው የመጣችው፣ "ልጅ እንዳይቀመጥባት" የሚል ማሳሰቢያ ጭምር። ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷ ካርድ ቆመላት፣ "ከአንድ ግንድ የተጠረበ በርጩማ፣ ከአባ ጅፋር ዘመን በቤተሰብ ሲወርድ የመጣ" ይላል። የኔም በወዲያኛው ጠረጴዛ "በርጩማ፣ ዋንዛ፣ የተማሪ የመጀመሪያ ስራ" ተብላ ከነስሜ ተቀመጠች።

ጅማ ሆኖ ቡና ሳይፈላ ምንም ነገር አይከፈትም መቼም። ቄጠማው ተጎዘጎዘ፣ ረከቦቱ ተዘረጋ፣ ቡና የምታፈላው ልጅ ግን መቀመጫ አልመጣላትም። ምን ታድርግ፣ ዞር ዞር ብላ የኔን አነሳች፣ ተቀመጠችባት፣ ከነጀበናዋ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረች፣ "ይቺስ ትጥለኛለች" ብላ ሄዳ ያቺን የአያት በርጩማ አነሳችና ቦታው ባዶ እንዳይሆን የኔን እዛው ነጩ ጨርቅ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች። ጨዋ ልጅ ናት፣ አቧራዋን ሁሉ ጠርጋላታለች። የኔ ቦታ ላይ ደግሞ ውሃ የያዘውን ቢጫ ጀሪካን አሳረፈች።

እኔ በዚህ ሰዓት በር ላይ እንግዳ እቀበላለሁ፣ ምንም አላየሁም። ስገባ የእንግዶቹ ግማሽ የአባ ጅፋር ዘመኗን በርጩማ ከቦ ቆሟል፣ መሃል ላይ አንድ መነጽር ያደረገ፣ ስካርፍ የጠመጠመ ሰውዬ እጁን እያወናጨፈ ያስረዳል። ጠጋ አልኩ። የኔዋ ናት!

"ይሄን ስንጥቅ ታያላችሁ?" ይላል፣ "ይሄ የመቶ አመት ስንጥቅ ነው፣ ዘመን ራሱ የጻፈው ነው።" የሮብ ስንጥቅ ነው ጌታዬ፣ ከበርበሬ ጎን የተገኘ ነው ልል ስል ቀጠለ። "ጥቁረቱ ደግሞ ከትውልድ ትውልድ የምድጃ ጭስ የጠጣ ነው።" ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ አይኑን ጨፈነ። "ይሸታችኋል? ታሪክ!" ተራ በተራ አጎነበሱ። አንዷ ልጅ "ልክ አዲስ ጫማ እንደገዛሁ ነው የሚሸተኝ" ስትል በአይኑ ገላመጣት። ከዛ ደግሞ ማዘንበሏን አይቶ "ጠራቢው ሆን ብሎ ነው፣ ንጉሡ ረጅም ስለነበሩ ጎን ሰጥተው ነው የሚቀመጡት" አለላችሁ፣ ከየት አምጥቶት እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ ራሴ ስጠርባት ይሄን ሁሉ አላሰብኩም። ደስ ማለቱ ግን አልቀረም፣ በህይወቴ ስራዬን እንዲህ ያሞገሰው ሰው የለም፣ ሳምንቱን ሙሉ ብር ቆጥሬ አንድ ቀን "ጎበዝ" ያለኝ የለም፣ እና እስኪ ትንሽ ይቀጥል ብዬ ዝም አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ከወዲያ የእማዬ ድምጽ የመጣው። እሷ መነጽር ረስታ ካርዱን አስነብባ ስሜን ሰምታ ጀሪካኑ ፊት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። "በስመአብ! ቅዳሜ ቅዳሜ የጠፋሽው ለዚህ ነው? ይሄማ እቤት ሞልቶን!" አዳራሹ ሁሉ ዞረ። "እማዬ ጀሪካን ነው እኮ" ስላት "እሱማ አየሁ" አለችኝ።

ነገሩ በዚህ ባለቀ ጥሩ ነበር፣ ባለቤቱ አባት ገቡ። ከዘራቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ወደ ነጩ ጨርቅ መጡ፣ የኔዋን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"ይሄ ምንድነው?"

ባለ ስካርፉ ደስ ብሎት "አባቴ፣ ይሄ እኮ ከአባ ጅፋር ዘመን የመጣ..."

"ልጄ" አሉት፣ "እሳቸውን አልደረስኩባቸውም። ግን እንዲህ ያለ በርጩማ ያቀረበላቸው ሰው ከጅሬን በእግሩ አይወርድም ነበር።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔ ቄጠማው ውስጥ መግባት አማረኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም፣ አይናቸው የአያታቸውን በርጩማ እየፈለገ ዞሮ ዞሮ ረከቦቱ ጋ ሲደርስ "ያ ረቢ!" አሉ። ዝም ጭጭ። ቡና የምታፈላው ልጅ ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ብድግ ልትል ስትል፣ ያን ጊዜ ጀበናው ሊገነፍል አረፋው አፉ ላይ ደርሷል፣ እሳቸው ከዘራቸውን አንስተው "ተቀመጪ፣ ተቀመጪ! ቡናው ይገነፍላል!" ብለው ጮሁባት። አጠገቧ ወንበር አስመጥተው አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውንም ጠጡ፣ በረካውንም ሳይጠጡ አልተነሱም፣ በየመሃሉ ጎንበስ እያሉ የበርጩማዋን እግሮች በጣታቸው ይነካካሉ፣ ወለሉ ላይ አንዲት ነቅነቅ የላት።

ባለ ስካርፉ ወደ እኔ መጥቶ "ከመጀመሪያውም የሆነ ነገር ጠርጥሬ ነበር" አለኝ። ፌስቡኩን ገብቼ አየሁት፣ የኔዋ በርጩማ ጎን ተንበርክኮ የተነሳው ፎቶ "ታሪካችን ይናገራል" ከሚል ጽሁፍ ጋር እስካሁን አለ፣ ላይኩም አልተናነሰም፣ እማዬ ራሷ በአክስቴ ልጅ ስልክ ላይክ አድርጋለታለች።

የሚቀጥለው ዙር ምዝገባ ተጀምሯል። አስተማሪዬ ጠርቶ በጣም በትህትና "እጅሽ ለስዕል የሚሆን ይመስለኛል" አለኝና ስዕል ክፍል አዛወረኝ። ቦታ የተገኘልኝ ከባለ ፍየል ቆዳው ልጅ ጎን ነው፣ ዘንድሮ ደግሞ የበሬ ሊያመጣ እንዳሰበ ሰምቻለሁ።