የአባወራዎቹ ዳታ ከክረምት እስከ ቡና ለቀማ

ጥናቴ በጅማ ዞን፣ በሰቃ ጨቆርሳ፣ በማናና በቀርሳ ወረዳዎች ነው። የቡና ገቢ የምግብ እጥረትን ይቀንሳል ወይ ብለን እነዚያኑ አባወራዎች በየወቅቱ እየተመላለስን ጠየቅን። እጥረቱን የለካነው ኤችኤፍአይኤኤስ በሚባለው የአባወራ የምግብ ዋስትና መለኪያ 9 ጥያቄዎች ነው። ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ይሄዳል፤ ከፍ ካለ ችግሩ ብሷል ማለት ነው።

መጀመሪያ የዳታውን አቀማመጥ ቀየርኩት። ኤክሴሉ ላይ እያንዳንዱ አባወራ አንድ መስመር ነበረው፤ ዙሮቹ ወደ ጎን ተደርድረዋል። ለዚህ ትንተና ግን እያንዳንዱ ዙር ለብቻው መስመር ይፈልጋል። የዙር ቁጥር ብቻውን ስለማይበቃ ቃለ መጠይቁ የተደረገበትን ቀንም አስገባሁ። አንዱ ሰብሳቢ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ጽፎ ስለነበር ይቺን ማስተካከል ራሷን የቻለች ጣጣ ናት።

ሞዴል ሳልነካ የየአባወራውን መስመር በግራፍ ሳልኩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሁሉም ሽቅብ ይወጣል፤ ቡና ከተለቀመ በኋላ ይወርዳል። መጠይቁ የሚጠይቀው ስላለፉት አራት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ አይገርምም። አማካሪዬ ግራፉን አይተው «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ክረምቱ ነው!» አሉኝ። ስለዚህ ጊዜን እንደ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አላስገባሁትም፤ ወቅቱን ለየሁት። ቡና ደግሞ አንድ ዓመት ብዙ አፍርቶ በሚቀጥለው የማረፍ ልማድ ስላለው ገቢው ራሱ ቀጥ ባለ መስመር አይሄድም።

ተራ ሪግሬሽን (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና የሚለካ ስሌት) ለምን አይሆንም? እሱ እያንዳንዱን አባወራ ለብቻው የቆመ አድርጎ ይቆጥራል፤ የአንድ ቀበሌ ሰው ግን ገበያው አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ ዝናቡም አንድ ነው። ከየቀበሌው 20 አባወራ ወስደን በአንድ ቀበሌ ሰዎች መካከል ያለው መመሳሰል 0.10 ቢሆን፣ መረጃው የሚሳሳበት እጥፍ 1 + 19 × 0.10 = 2.9 ይሆናል። 600 ለ2.9 ሲካፈል፣ 600 አባወራ የሚሰጠው መረጃ የ207 ገደማ ነው ማለት ነው። ይህን የዘለለ ሰው ፒ ቫሉው (ውጤቱ በአጋጣሚ ብቻ ሊገኝ የሚችልበትን ዕድል የሚያሳየው ቁጥር) ሲያምርለት ደስ ይለዋል። ደስታው ግን በውሸት ነው።

ስለዚህ ዙሮቹን በአባወራ ውስጥ፣ አባወራውን በቀበሌ ውስጥ አስቀምጬ አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ ኤልኤምኢ4 በተባለው ጥቅሉ ሠራሁት። ወረዳ ሦስት ብቻ ስለሆነ እንደ ቀበሌው ራንደም (ከብዙ መሰሎቹ በዕጣ እንደወጣ የሚቆጠር) አላደረግኩትም፤ ከሦስት ነገር ብቻ የልዩነቱን ስፋት በአስተማማኝ ሁኔታ መገመት አይቻልም። እንደ ተራ መለያ አስገባሁት።

ከሁሉም ያስተማረኝ ገቢውን ለሁለት መክፈሌ ነው። ሀሳቡ ከኢኮኖሚስቱ መንድላክ የ1978 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ጋር ይያያዛል። አንዱ የአባወራው የራሱ አማካይ ገቢ ነው፤ ሌላው በዚያ ዙር ከአማካዩ የራቀበት መጠን። አማካዩ ከእጥረቱ ጋር ያለው ዝምድና ጠንካራ ነበር፤ ግን ብዙ ቡና ያለው ሰው ሰፊ መሬትም በሬም ሊኖረው ስለሚችል ዝምድናው የቡናው ብቻ ላይሆን ይችላል። የራሱ ገቢ ከፍ ባለበት ዙር እጥረቱ የቀነሰው በመጠኑ ነው። ለፖሊሲ የሚጠቅመው፣ በእኔ አስተያየት፣ ይሄኛው ቁጥር ነው።

ከተማ የገቡና በቀጣዩ ዙር ያላገኘናቸው አባወራዎችም አሉ። ሞዴሉ ባሉት ዙሮች ይጠቀማል እንጂ አይጥላቸውም፤ የሚሠራው ግን የጠፉበት ምክንያት ባየነው ነገር ሲገለጽ ነው። የመጀመሪያ ዙር ውጤታቸውን ከቀሩት ጋር አወዳድሬ ሠንጠረዡን ጥናቱ ውስጥ አስገባሁት። አንባቢው ራሱ ይፍረድ።